የፍልሰታ ቀማሽ

በነሐሴ ቦንጋ ልሄድ ነው ስል ባለቤቴ በመስኮቱ ወደ ሰማዩ አየች፤ ቀጥላ ወደ ሆዴ። «እዚያ አሁን ዝናብ እንጂ ምን አለ?» አለች። አየር ለውጬ፣ የድሮ ወዳጆቼን ጠይቄ እመለሳለሁ አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ ግን ከእውነቱ ትልቁን ቁራጭ ለራሴ አስቀርቼ ነው የነገርኳት። ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪሙ ግፊት አለብህ ብሎ ጨው ከከለከለኝ ወዲህ ቤታችን የሚሠራ ወጥ ሁሉ በውኃ የታጠበ ይመስለኛል። ባለቤቴ ትእዛዙን ከሐኪሙ በላይ አጥብቃ ይዛዋለች። እኔ ደግሞ በሆዴ የምቀልድ ሰው አይደለሁም። ናፍቆት ያስመሰልኩት ነገር አብዛኛው ርሃብ ነበር።

ቦንጋን የማውቃት ስትበላ ነው። ከኮሌጅ እንደወጣሁ መጀመሪያ የተመደብኩት እዚያ ነበር፤ ስድስት ዓመት አስተማርኩ። ከጥቅምት ጀምሮ የቡናው ለቀማ ሲደርስ ከተማዋ ውላ የምታመሸው ማዕድ ላይ ነው። ሥጋ ቤቶቹ ደጃፍ ላይ ሰው ተራ ይጠብቃል፤ ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ መምህሩ፣ ከቢሮ ሾልኮ የወጣው ሠራተኛ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ይቆርጣል። ክትፎው ከትኩስ ቆጮ ጋር ይመጣል። ቅቤው ውስጥ ያለው ኮረሪማ እዚያው ካለው ጫካ የተለቀመ ነው፤ ሽታው ከመንገዱ ማዶ ይጠራሃል። ጠጁ የጫካ ማር ነው፤ ሁለተኛው ብርሌ ላይ ሰው ሁሉ ዘመድህ ይሆናል። እኔ ከሌላ አገር የመጣሁ ብቸኛ ልጅ ሰው የለመድኩት በዚያ ሁሉ ጉርሻ ነው።

በክረምት ግን አይቻት አላውቅም ነበር። መምህር ክረምት ሲመጣ ወደ እናቱ ቤት ይሮጣል፤ እኔም ትምህርት ቤት በተዘጋ ማግስት ሻንጣዬን ይዤ የመጀመሪያው አውቶቡስ ላይ ነበርኩ። ስለዚህ ስድስት ዓመት የኖርኩባትን ከተማ ዝም ስትል እንዴት እንደምትሆን ሳላውቅ ቀረሁ።

ከጅማ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ ውስጥ ሰባት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ ረዳቱ እንኳ መንገደኛ ለመጣራት አልደከመም። የጎጀብን ወንዝ ስንሻገር ዝናቡ ተቀበለን፤ ቦንጋም እስክንገባ አልተለየንም። ሆቴሉ ውስጥ እንግዳ ተቀባይዋ የፈለግከውን ክፍል ምረጥ ብላ የቁልፎቹን ሰሌዳ በሙሉ አሳየችኝ። ራት ምን አለ ብዬ የምግብ ዝርዝሩን ሳነብላት ለያንዳንዱ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ክትፎ የለም። ጥብስ የለም። ዱለት የለም። ተማሪ የለም፣ ነጋዴ የለም፣ ፍልሰታም ገብቷል አለችኝ። በመድኃኒቴ ምክንያት ከጾም ከተለያየሁ ወዲህ የቀን መቁጠሪያውንም ረስቼው ኖሯል፤ አፈርኩ። «ታዲያ ምን አለ?» አልኩ። «ሽሮ» አለች።

ሽሮስ ከሆነ የምበላበትን ቤት አውቀዋለሁ ብዬ ጃንጥላዬን አነሣሁ።

እትዬ እንላቸዋለን፤ ስም ሳይጨመርበት ከተማው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚላቸው። ምግብ ቤታቸው ከዋናው መንገድ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፤ ሰባት ጠረጴዛ፣ የተወለወለ ሲሚንቶ፣ ከጀርባው ኩሽናና ጓሮ። ከየአገሩ የተመደብን መምህራንና የቢሮ ሠራተኞች ምሳና ራታችንን እዚያ ነበር የምንበላው። ቆጮ መብላት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ጥጥ የማኝክ መስሎኝ ነበር፤ በሦስተኛው ወር እንጀራ ቢያቀርቡልኝ ተቀየምኩ።

ስደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ስለነበር ጾማቸውን ፈትተው ባዶው አዳራሽ ውስጥ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። አቅፈው ሳሙኝ፣ ራቅ አድርገው አዩኝ፣ «ፀጉርህ ሄዶ ሆድህ መጥቷል» አሉ። እሳቸው ደግሞ ከስተዋል፤ ይህን ግን አልነገርኳቸውም። ሽሮ አቀረቡልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ድሮ ከእንግዳ ጋር አይቀመጡም ነበር፤ ጊዜ የላቸውም።

«እንኳን አሁን መጣህ» አሉ። «ከፍልሰታ በኋላ ብትመጣ ኖሮ አታገኘኝም ነበር። ልዘጋ ነው።»

እንጀራው እጄ ላይ ቀረ። ልጃቸው ጅማ ነው የምትኖረው፤ አንድ ክፍል አዘጋጅታላቸዋለች፤ ነይና እረፊ ስትላቸው ዓመታት ሆኗታል። እስካሁን እንቢ ብለው ነበር። አሁን ግን እጃቸው ከድቷቸዋል።

«እንዴት ነው እጅ የሚከዳው?» አልኩ።

«ሰው እያስተረፈ ነው። የእኔን ሰሃን አስተርፎ የተነሣ ሰው ታውቃለህ? ባለፈው ሳምንት የመሬት ቢሮው ሰው ግማሹን ትቶ ሄደ። ምን ሆነ ስለው፣ በጣም ጥሩ ነው እትዬ፣ ጠግቤ ነው አለኝ። ሁሉም ጥሩ ነው ይላል። ሰሃኑ ግን ግማሽ ነው።»

ነገሩ ገባኝ። እትዬ በፍልሰታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አፋቸው አይገባም። ምሳ ፈላጊው ግን በስድስት ሰዓት ይመጣል፤ ከሠራተኛው ብዙው ጴንጤ ነው፣ ሌላውም እንደ እኔ ሰበብ አያጣም። ስለዚህ ወጡ የሚሠራው ሳይቀመስ ነው። ጨው በዓይን ግምት ይገባል፣ እንግዲህ የገባው ገባ ነው፤ ጾማቸውንም የሚፈቱት በቆሎና በሻይ እንጂ በወጡ አይደለም።

ይህ ነገር ግን በእኔ ጊዜም በሁዳዴ፣ በረቡዕና በዓርብ ነበር፤ ያኔ ማንም አላስተረፈም። ምክንያቱም ያኔ ልብስ ሰፊዋ ነበረች።

ልብስ ሰፊዋ የጓሮ ጎረቤታቸው ናት፤ ጴንጤ ናት፣ አትጾምም። የሁለቱን ጓሮ የሚለየው የእንሰት አጥር ሲሆን፣ መካከሉ ላይ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት መሹለኪያ ነበር። በጾም ቀን ረፋዱ ላይ ወጡ ሲንተከተክ እትዬ ወደ አጥሩ ዞረው አንድ ጊዜ በካፋው ቋንቋ በካፊኖኖ ይጠሯታል። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቀጥ ይላል። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ መርፌውን ደረቷ ላይ እንደሰካች በመሹለኪያው ብቅ ትላለች። መዳፏን ትዘረጋለች፤ እትዬ በጭልፋ ጠብ ያደርጉላታል። ትልሳለች፣ ትንሽ ታስባለች፣ አንድ ቃል ትናገራለች። «ጨው» ወይም «ይብሰል» ወይም «ይበቃዋል»። ከዚያ ተመልሳ ትሾልካለች። ሰላምታ የለ፣ ተቀመጪ የለ፣ ምስጋና የለ። በትርፍ ሰዓቴ ፈተና ሳርም ኩሽናው ውስጥ ስለምቀመጥ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። አንድ ቀን ብቻ ሁለት ቃል ስትናገር ሰማኋት፤ «ይህ ይደፋ» አለች። እትዬም ደፉት።

«ልብስ ሰፊዋስ?» ብዬ ወደ ጓሮ በሩ ስዞር ግራጫ የብሎኬት ግንብ አየሁ። ከሰው ቁመት ትንሽ ይበልጣል። እንሰቱም መሹለኪያውም የሉም።

«አለች» አሉ እትዬ። «መኪናዋ አይሰማህም?»

ከግንቡ ማዶ የስፌት መኪናው ይንቀጫቀጫል። መስከረም ሊገባ ስለሆነ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የሚሰፋበት ወቅት ነው። ግንቡ የተሠራው ከፋሲካ በኋላ ነው አሉኝ፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ምን ተባባላችሁ ብላቸው፣ ምንም አልተባባልንም አሉ። «የራሷ አጥር ነው። መዝጋት ከፈለገች እኔ ምን እላታለሁ?» ብለው ሰሃኔን አነሡ። እኔ ጥርግ አድርጌ በልቼው ነበር፤ ሰሃኑን ወደ መብራቱ አድርገው ሲያዩት ግን አንጀቴን በሉኝ።

የዚያን ጊዜ ነው አፌ የቀደመኝ። እኔ መድኃኒት ስለምውጥ አልጾምም፤ እዚህ እስካለሁ ድረስ እኔ እቀምስልዎታለሁ አልኩ። እትዬ መጀመሪያ ስለጾሜ አዘኑ። ቀጥለው፣ «እንግዲያው እሱ ፈጣሪ ነው የላከህ» አሉ። ፍልሰታ እስኪያልቅ እንየውና፣ ሰሃኑ ከጠራ እቆያለሁ፣ ካልጠራ ጅማ እሄዳለሁ ብለው ወሰኑ። እኔ ቦንጋን ያለዚያ ቤት ማሰብ አልችልም፤ አንድ አገር የሚዘጋብኝ ነው የመሰለኝ። እናም ለሹመት የተጠራሁ ያህል ደረቴን ነፍቼ ወደ ሆቴሌ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት አልረሳቸውም። ጠዋት ጠዋት ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት በባዶው መንገድ እንሸራሸራለሁ። ባጃጆቹ ተሰልፈው ቆመው ሾፌሮቹ ውስጥ ተኝተዋል። ሥጋ ቤቶቹ ተቆልፈዋል፤ አንዱ ደጃፍ ላይ ባለቤቱ ወንበር አውጥቶ ጭጋጉን ያያል። ሰላም ስለው ጊዜ አለው፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ቡናው ፍሬ፣ ስለ ዘንድሮው ዝናብ መብዛት ያወራኛል። በጥቅምት ይህ ሰው ቢላዋ እየሳለ «ከየትኛው ልቁረጥ?» ከማለት በቀር ተናግሮኝ አያውቅም። ከተማዋ ስትበላ ብቻ የምትወደኝ ይመስለኝ ነበር፤ ጾሟን ውላም ሰው ትወዳለች።

ገበያውም ቢሆን ባዶ አልነበረም፤ እኔ ነኝ የማላውቀው። የክረምት ገበያ ሌላ ነው። ሴቶች ከጫካ የለቀሙትን እንጉዳይ በኮባ ቅጠል ላይ ደርድረው ይሸጣሉ። ጎደሬ አለ፣ ቦዬ የሚሉት የሥር ተክል አለ፣ ገና ጭቃው ያልለቀቀው። ከማንኪራ መንደር የመጡ አንድ ሽማግሌ ነጭ ማር ይዘው ነበር፤ ማንኪያ ሙሉ አቀመሱኝና ፊቴን አዩ። ሳልናገር ገባቸው መሰለኝ፣ ሳቁ። እንጉዳዩንም ቦዬውንም ተሸክሜ በእትዬ ጓሮ በር እገባለሁ፤ እሳቸውም «ይህ ሰው ወንድ ነው ሴት?» እያሉ ይቀበሉኛል።

ከዚያ ኩሽናው ነው። ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይዘንባል፣ እሳቱ ዳር ተቀምጬ እግሬን አሞቃለሁ፣ ሽሮው ይንተከተካል፣ እንጉዳዩ በነጭ ሽንኩርት ይቁላላል። ከግንቡ ማዶ መኪናው ይሄዳል። አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን እትዬ ጭልፋውን ይዘው ይመጣሉ፤ መዳፌን እዘረጋለሁ።

የመጀመሪያዋ ጠብታ ምላሴ ላይ ስታርፍ ዓይኔ በራ። ጨው። በመጀመሪያው ቀን ተርቤ ስጎርስ ያላጣጣምኩት፣ ሁለት ዓመት የተለየኝ ወዳጄ በሩን ከፍቶ የገባ ያህል ነው። «እንዴት ነው?» አሉ እትዬ፣ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ። «ድንቅ ነው» አልኩ። «እንዲያውም ለነገ ትንሽ ቀነስ ቢል አይጎዳም።» በማግስቱ ቀነሱ። ቀመስኩ፤ አሁንም ምላሴን ይዞ የሚጎትት ጨው አለው። «ትንሽ ይቀነስ» አልኩ፣ በባለሙያ ድምፅ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ቀነሱ። እጃቸው ወደ ጨው ቆርቆሮው ሲሄድ የሚፈራ ሰው እጅ ሆኖ ነበር፤ እኔ ግን የታዘዙልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኛል።

በአራተኛው ቀን ምሳ ላይ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። አምስት ሰዎች ነበሩ። ሚጥሚጣዋ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ትዞራለች፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀበለዋል። ከጎኔ ከደካ ለሥራ መጥተው ዝናብ ያስቀራቸው አንድ የቢሮ ሰው ተቀምጠዋል፤ ከዚህ ቤት አይጠፉም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እዚህ ቤት የታመመ ሰው አለ እንዴ?»

«ምነው?» አልኩ።

«የለም፣ ምግቡ የበሽተኛ ምግብ ስለሆነብኝ ነው። እናቴ ጨው የተከለከለች ጊዜ ልክ እንዲህ ነበር የምንሠራላት። ለእትዬ እንዳይነግሩብኝ ግን። ጥሩ ነው ብያቸዋለሁ።»

ፊቴ ጋለ። ሁለት ዓመት አልጫ የበላ ምላስ ይዤ ነው ለካ የሰው ወጥ ላይ የተሾምኩት። ለእኔ ጨው የሆነው ለሌላው ውኃ ነው። አምስቱንም ሰሃን አየሁ፤ አምስቱም ግማሽ ነበሩ።

ኩሽና ገብቼ ሁሉንም ነገር ተናዘዝኩ፤ ግፊቱን፣ ሐኪሙን፣ ባለቤቴን፣ ምላሴን። እትዬ ጭልፋውን እንደያዙ አዩኝ። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ ግድግዳውን ተደግፈው፣ በነጠላቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን ዓይናቸውን መጥረጋቸውን አልተዉም።

«ሃያ ዓመት እጄ ነው ስል» አሉ፣ «የእሷ ምላስ ኖሯል።»

መኪናው ከማዶ ይሄዳል።

«በቃኝ። ነገ ለልጄ ትደውልልኛለህ። የቀረውን ሳምንት ጨርሼ መጣሁ ትላታለህ።»

ከሰዓት በኋላ ሰበብ ያስፈልገኝ ነበርና ከትርፍ ሱሪዬ ላይ አንዱን ቁልፍ በእጄ ገነጠልኩት። በመሹለኪያው አሥር እርምጃ የነበረው ቤት በመንገድ ሲኬድ ቁልቁለት ወርዶ፣ ጭቃ አቋርጦ፣ ዳገት ወጥቶ ነው። ልብስ ሰፊዋ በሰማያዊ ዩኒፎርም ክምር መሀል ተቀምጣለች። በዕድሜ እኔን የምታህል ሴት ናት፤ እኔ መምህር ሆኜ ስመጣ እሷ አዲስ ሙሽራ ነበረች። ቀና ብላ አየችኝ።

«መምህር። ወፍረሃል።»

«ሁሉም ይህንኑ ነው የሚለኝ» አልኩ።

ሱሪዬንና ቁልፉን ተቀብላኝ አስቀመጠቻቸው። የጨረሰችውን ጉርድ ቀሚስ አንሥታ ፊቴ ዘረጋችና ጠርዙ ቀጥ ብሎ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቀጥ ብሏል አልኳት። ቀሚሱን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ክሩን መተርተር ጀመረች።

«ወደ ግራ ወርዷል። አንተ ሁሉን ጥሩ ነው ትላለህ። ድሮ እትዬ በመሹለኪያው ብቅ ሲሉ ከሩቁ ያዩልኝ ነበር። ግራው ወርዷል ብለውኝ ይሄዳሉ። ዘንድሮ ሦስት እናቶች ልብስ መለሱብኝ።»

«ታዲያ ለምን አትሄጂም?» አልኳት። «እሳቸውም እኮ ካለ አንቺ ወጥ መሥራት አቅቷቸዋል። እኔ ልቀምስላቸው ብል ጨው የተከለከለ ምላሴ አሳፈረኝ። ቤቱን ሊዘጉት ነው፤ ጅማ ሊሄዱ።»

እጇ መተርተሩን አቆመ። ይህን አልሰማችም ነበር።

«ግንቡ ሲሠራ ምሳ ላኩ» አለች።

«ምን?»

«ለግንበኞቹ። ግንቡን ያሠራው ልጄ ነው፣ ሌባ ፈርቶ። እኔ አልወደድኩትም፤ ግን አድጓል፣ ምን እለዋለሁ? መሹለኪያው ጋ ሲደርሱ እትዬ ወጥተው እዚህ ጋ በር ተዉ ይሉታል፣ እሳቸውን እንቢ አይልም ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ምሳ ላኩላቸው። ሦስት ቀን፣ በትልልቅ ሰሃን፣ ከነቆጮው። ሰው ደስ ያላለውን ሥራ ይቀልባል? አንቺ ሰልችተሽኛል ማለታቸው ነው ብዬ ተቀመጥኩ።»

ነገ ነይና ቅመሺላቸው አልኳት። አንገቷን ነቀነቀች። በመንገድ ዞሬ በፊት በር ከገባሁ እንግዳ ነኝ አለችኝ፤ እንግዳ ከሆንኩ ያስቀምጡኛል፣ ያበሉኛል፣ ይሸኙኛል፤ እንግዳ ደግሞ ጨው አነሰ አይልም። እውነቷን ነው። ሱሪዬን ነገ እንድወስድ ነግራኝ ወደ ቀሚሷ ተመለሰች።

ወደ እትዬ ስመለስ ለግንበኞቹ ለምን ምሳ እንደላኩ ጠየቅኳቸው። ጥያቄው ገረማቸው።

«ጎረቤቴ ሰው አሠማርታ፣ ግንበኛ አፍንጫዬ ሥር እየራበው፣ እኔ ምግብ ቤት ከፍቼ ልቀመጥ?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ ሰሃኑን ልትመልስ ትመጣለች ብዬ ነበር። ስትመጣ እንነጋገራለን፣ ይቺን ቀዳዳ ተዪልኝ እላታለሁ ብዬ። ሁለቱን ሰሃን ግንበኛው ራሱ መለሰው። ሦስተኛው ቀረ፤ ሰብረውት ይሆናል።»

ልብስ ሰፊዋ ያለችኝን ነገርኳቸው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሳልቀንስ ሳልጨምር። እትዬ ተነሥተው ነገ የሚሠራውን ሽሮ ወደ መንፋት ገቡ። እኔም የምችለውን ሁሉ አድርጌያለሁ ብዬ ሆቴሌ ገባሁ፤ እንቅልፍ ግን በቶሎ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ረፋድ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሽሮው እሳት ላይ ነው፣ እኔ ዳር ተቀምጫለሁ፣ አራት ሰዓት ተኩል ደርሷል። እትዬ ጭልፋውን ይዘው ድስቱ ላይ ቆመዋል፤ እኔ ጋም አልመጡም፣ ጨው ቆርቆሮውንም አልነኩም። ድንገት ወደ ጓሮው በር ዞሩና ድሮ የሚጣሩትን ዓይነት አንድ ጊዜ ተጣሩ።

መኪናው ቀጥ አለ።

ከማዶ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። ከዚያ ከግንቡ በላይ ሻሽ፣ ግንባር፣ አንገት ላይ የተንጠለጠለ ሜትር ብቅ አለ። ልብስ ሰፊዋ ክንዷን በብሎኬቱ ላይ አሳልፋ መዳፏን ዘረጋች። ጭልፋውን ልቀበላቸው ብነሣ እትዬ በክርናቸው ገፉኝ። የተቀመጥኩበትን ዱካ ራሳቸው ጎትተው ግንቡ ሥር አስቀመጡና ወጡበት። እኔ የተፈቀደልኝ ዱካውን ይዤ መቆም ብቻ ነው።

ጠብ አደረጉላት። ላሰች። ትንሽ አሰበች።

«ጨው» አለች።

እትዬ አልተንቀሳቀሱም።

«ኮረሪማም ተረስቷል» አለች። ቀጥላ ዝቅ አለችና አንድ ትልቅ ሰሃን ይዛ ተመለሰች፤ ላዩ ላይ የተቀቀለ ቦዬ አለ። «ይሄ ሰሃንዎ ነው። ራሴ አመጣዋለሁ ብዬ ነው ያስቀረሁት፤ መግቢያ አጥቼ ነው።»

እትዬ ሰሃኑን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። በካፊኖኖ አንድ ነገር አሏት፤ እሷም መለሰችላቸው፤ ሁለቱም ረጅም ንግግር አልነበረም። እኔ አንዱንም አልሰማሁትም፤ ከታች ሆኜ የማየው የእትዬን ጉልበት ብቻ ነው። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ በአማርኛ፣ እኔም እንድሰማ መሰለኝ፣ «ለመምህሩ ጨው ሳይገባበት ይቀነስለት። ሁለተኛ ደግሞ ይብላ እንጂ አይቅመስ» አለችና ወረደች። ወዲያው መኪናው ጀመረ።

ያን ቀን ምሳ የበሉት አራት ሰዎች ናቸው። የደካው ሰው የመጀመሪያውን ጎረሱ፣ ቆም አሉ፣ ወደ ሚጥሚጣዋ የሄደው እጃቸው ተመለሰ። ሳያወሩ እስከ መጨረሻው በሉ፤ የተረፈውን ወጥም በቁራሽ ጠረጉት። እትዬ ሰሃኖቹን ራሳቸው ሰበሰቡ፣ አንድ በአንድ ወደ መብራቱ እያደረጉ አዩዋቸው። እኔ ጥጌ ላይ ጨው የሌለውን ሽሮዬን እየበላሁ ነበር፤ እንደዚያ ቀን የጣፈጠኝ ምግብ የለም።

መጥተው አጠገቤ ቆሙ። «ለልጄ ደውልልኝ» አሉ።

ስልኬን አወጣሁ። «ምን ልበላት?»

እትዬ በባዶዎቹ ጠረጴዛዎች መሀል ቆመው ወደ ጓሮው በር ዞሩ። አሁን የሚታጠብ አራት ሰሃን ብቻ ነው ያለው፤ ከተማውም እስከ ጥቅምት ሰው አይመጣበትም።

«መምጣት አልችልም በላት» አሉ። «ሥራ በዝቶብኛል።»